ባለ አንድ በሬ

ግንቦት 3/79፣ ማታ

የ4ኛ ክፍል ደብተር አርሜ ጨረስኩ። ጣቴ ቀይ በቀይ። ዛሬ ር/መምህሩ ቢሮ አስጠሩኝ። ክው አልኩ፤ መዋጮ ያልከፈልኩ መስሎኝ። ለካስ ሌላ ነው። ከወረዳው መምህራን አንድ ሰው ለዲግሪ ይላካል፣ የተመረጥሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። እኔ! ከዚያ ሁሉ ሱሪ ለባሽ መሐል! ኮስተር ብዬ ላስብበት አልኳቸው። በሩን ዘግቼ ስወጣ ግን፣ ደብተርዬ፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ግንቦት 5፣ ጠዋት፣ ት/ቤት ሳልሄድ

ሂሳብ። ደመወዜ 230 ብር፤ መዋጮው ሲቆረጥበት ከዚያም ያንሳል። ባለ ዲግሪ በ500 ነው የሚጀምረው። ደስ ሲል! ግን አራት ዓመት ያለ ደመወዝ። ምግብና አልጋውን መንግሥት ይችላል። ሳሙናውስ? ጫማው? መሳፈሪያው? ለእማ የምልክላትስ? እጄ ላይ የሚገባ ገንዘብ የመምህራኑ እቁብ ብቻ ነው፤ ዕጣው ደርሶኛል፣ በዚህ ሳምንት እቀበላለሁ።

ደግሞ የበሬው ነገር አለ። አንቺ ያኔ ስላልነበርሽ አታውቂም። አያ ጥጋቡ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ቁሐር ሚካኤል ነው የሚያርሰው። እኔ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቼ ሁለተኛ ደረጃ እንድማር ብሎ ከሁለት በሬዎቹ አንዱን፣ ዛጎልን፣ ሸጠ። ከዚያ ወዲህ ባለ አንድ በሬ ነው። አለነ የሚባለው ጎረቤቱም ባለ አንድ ነው። መቀናጆ ናቸው፤ ሁለቱን በሬ አንድ ላይ ጠምደው በተራ ያርሳሉ። ተራ ማለት ለስሙ ነው፤ ሁሌ አለነ ይቀድማል። የአያ ጥጋቡ ዘር ይዘገያል፣ ክረምቱ ሲገባ ውኃው ሜዳውን ሲሞላው የሱ ቡቃያ ገና ከመሬት ቀና አላለም። በየዓመቱ። አንድ ቀን እንኳ አፉን ከፍቶ ባንቺ የተነሳ ብሎኝ አያውቅም።

እና እኔ ዲግሪ? በማን ጫንቃ?

ግንቦት 8

እቁቡን ተቀበልኩ። ቆርጫለሁ። መጀመሪያ ዕዳ፣ ከዚያ የመጣው ይምጣ። ዲግሪው ቢቀርም ይቅር። የወንድሟን በሬ በልታ ተማረች ተብዬማ አልኖርም።

ግንቦት 15፣ ማታ

በሬ ገዛሁ! ከወረታ ገበያ። ቦራ ነው፣ ግንባሩ ነጭ፣ ሻኛው ቀጥ ያለ። ነጋዴው ሴት፣ ያውም አስተማሪ ብሎ ሊያሞኘኝ ነበር። ጥርሱን ገልጬ አየሁ፣ ጫንቃውን ዳበስኩ፤ ቀንበር የለመደ ነው። ሰውዬው የማን ልጅ ነሽ አለኝ። የገበሬ ልጅ! አልኩት። ዋጋው ወረደ። ባለ ተረከዝ ጫማዬን እንዳደረግሁ እየነዳሁ ቁሐር ገባሁ። ሰው ሁሉ ከየደጁ ወጥቶ ሲያየኝ ኩራቴን አትጠይቂኝ።

አያ ጥጋቡ ይስመኛል ስል ፊቱ ጠቆረ። ማን ዕዳ አለብሽ አለሽ? አለኝ። ሰው ባለ አንድ በሬ እያለ ሲያሽሟጥጠው፣ እስከ ዛሬ መልሱ አንድ ነው አሉ፦ «አንዱ በሬዬ አስተማሪ ሆኗል።» ገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሳይቀር ብሏታል። አሁን በሬውን ከተቀበለ ምኑን አስተማርኳት ሊል ነው? «እኔ ላበድርሽ ነው እንዴ ያስተማርኩሽ? ንጂልኝ!» አለኝ።

እኔም ገነፈልኩ። በሬ ነው ያመጣሁት፣ ስድብ አላመጣሁም! ቦራን ደጁ ካለው ግንድ አስሬ ውልቅ አልኩ። እማ ከኋላ ስትጠራኝ ዞር እንኳ አላልኩ።

ግንቦት 16

አለቀስኩ። ተናድጄ ነው። ስንት ዓመት ሸክሜ ነው ያልኩት ነገር ለካስ የሱ ጌጥ ኖሯል። ላወርድለት ብዬ ጌጡን ልገፍፈው ነበር። ደግሞ ይቺ ንዴቱ ቁርጥ የኔን ናት። ገንዘቡ አልቋል፤ ር/መምህሩ እስከ ረቡዕ መልስ ይፈልጋሉ። እማን በምን ትኑር ብዬ ጥያት ልሂድ? አልሄድም ማለቱ ይሻላል መሰለኝ።

ግንቦት 18፣ ከሰዓት በኋላ

ጉድ! አያ ጥጋቡ ት/ቤት መጣ። የዓመት በዓል ጋቢውን ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ። መምህራኑ ሁሉ ባሉበት፣ እኔን ታናሹን፣ «መምህርት፣ ይፈቀድልኛል?» አይል መሰለሽ! ሳቄን ዋጥኩት።

ከዛፉ ሥር ወሰደኝ። ቦራን ከሱ በሬ ከጉራች ጋር ጠምዶ ሞክሮታል። ግጥም ነው አለ፣ የሱን ሳቅ ለመደበቅ ወደ ሜዳው እያየ። ግን አልተቀበለም። በሬው ያንቺ ነው፣ እኔ ባለ አንድ፣ አንቺም ባለ አንድ፤ ከአለነ በሰላም ተለያይቻለሁ፣ እሱ ከአማቹ ጋር ተቀናጅቷል፣ ከእንግዲህ መቀናጆዬ አንቺ ነሽ አለኝ። ተራሽ ሲደርስ የእማን መሬት እኔ አርስልሻለሁ። ያንቺ በሬ ድርሻ፣ ጤፉም ያ አዲሱ ሩዝም፣ ለእማ ይሆናል፣ የተረፈው ተሽጦ ላንቺ ይላካል። አሁን ደግሞ ለዲግሪው አልሄድም ብለሽ እንዳታሳፍሪኝ።

ሁለተኛው በሬ የማን ነው ሲሉህ ምን ልትል ነው? አልኩት።

«የአስተማሪዋ ነዋ! አንዱ አስተማሪ ሆነ፣ አስተማሪዋ ደግሞ በሬ አወጣች!»

ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ቀና አደረገኝ። ልጆቹ እያዩን ነው አለ። ይዩ አልኩት።

ግንቦት 19፣ ረቡዕ

እሄዳለሁ አልኳቸው። ር/መምህሩ ቅጹን እዚያው ሰጡኝ። ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የት/ት ደረጃ። ዝቅ ብሎ «ንብረት» ይላል። እሱን ሁሉም የለኝም ብሎ ነው የሚያልፈው፣ እለፊው አሉኝ።

አላለፍኩትም። አንድ በሬ፣ ቁሐር ሚካኤል፣ ብዬ ሞላሁ።