የወይዘሮ የሺ ማንጎ

ኅዳር 12፣ ጠዋት 2፡30

ዱቄት። ዛሬም። ትናንት ጠርጌ በሄድኩበት ቦታ፣ ከማንጎው ጣውላ ሥር፣ የለስላሳ ቆርኪ የሚሞላ። በጣቴ ነካሁት። ልስልስ ያለ፣ የተነፋ ስንዴ ነው የሚመስለው። ኤጭ! እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁ፤ ከዚያ ሱሪዬም አስጠላኝ።

ጣውላውን ደጅ አውጥቼ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረግሁት። ከየቀዳዳው ዘነበ። ጫፉን በመሮ ስፈለቅቀው ነጭ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል። ወፍራም፣ ሥራ ፈት። ስድስት ወር ሙሉ እኔ ሳደርቅ እሱ ሲበላ!

አንቺ ደብተር፣ ኋላ እንዳልክድ ያዥልኝ። ጣውላው የጋሽ ፈንታው ነው (ከዚህ በኋላ ጋ/ፈ፤ እጄ ሰነፍ ነው)። ቤታቸው መርሳ። ዱሮ የኪነት ቡድን ቤዝ መቺ፣ ኋላ አስተማሪ፣ አሁን ጡረተኛ። ባለቤታቸው ወ/ሮ የሺ ካረፉ ሦስት ዓመት። ወ/ሮ የሺ የተከሉትን የግቢ ማንጎ ያ ነጭ ተባይ ጨርሶ አደረቀው። ጋ/ፈ አስቆርጠው፣ ግንዱን በአይሱዙ ጭነው፣ ሰኔ ላይ እዚህ ወልድያ ሥራ ቤቴ በር ላይ አራገፉት። ከዚህ ቤዝ ጊታር ሥራልኝ አሉ። ጥር ላይ የመጨረሻ ልጃቸው ታገባለች፤ ራሳቸው ሊመቱበት። እናቷ ከሠርጉ እንዳትቀር ነው ነገሩ።

ሲቆረጥ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታቸው፣ ጨረቃ ሞልታ ሳለ እንጨት አይነካም፣ ይነቅዛል ብለው ነበር። ጋ/ፈ ሲያወሩኝ ሳቅሁ። የተማረ አናጢ ነኛ! ናፍጣ ላጠጣው አስቤም ሽታው አይለቅም ብዬ ተውኩት። ድንቄም አናጢ።

ኅዳር 13፣ ከሰዓት 9፡00

ማንጎውን በሙሉ ሰነጠቅሁት። ጤነኛ ሆኖ ያገኘሁት ለጊታር ቀርቶ ለወንበር እግር አይበቃም። ከዚያች ላይ አንድ ሽብልቅ አወጣሁና የሚነቃነቀውን የሥራ ጠረጴዛዬን እግር ወተፍኩበት። ቢያንስ ጠረጴዛው ቆመ። የተረፈው የነቀዝ መንደር ነው። ሽታው ኮምጠጥ ያለ፣ አፍንጫ ላይ የሚቀር። ምሳ አልበላሁም። ዘይነባ (ሚስቴ) ሳህኑን እንደመጣ መለሰችው።

ኅዳር 16

ሐራ ደርሼ መጣሁ። ደረቅ የማንጎ ጣውላ አለኝ ያለው ሰው ያሳየኝ ትናንት የወደቀ ግንድ ነው፣ ውሃው ገና የሚንጠባጠብ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ለጥር ይደርሳል ይለኛል። ቱ!

ስመለስ ጥግ ላይ ያለውን ዋንዛ አየሁት። አራት ዓመት የደረቀ፣ ለዘይነባ ብፌ ያስቀመጥኩት። ክረምቱን በሙሉ ማንጎውን ተደግፎ ነው የቆመው። ጥቁር ቡኒ ቀለም ከተቀባ ማን ይለየዋል? አስተግፊሩላህ። ይህን ሐሳብ ማን አመጣብኝ?

ኅዳር 17፣ ጠዋት 3፡00

ጋ/ፈ ደወሉ። እንዴት አደረች አሉኝ። ጣውላዋን ነው። በየሳምንቱ እንዲህ ነው የሚጠይቁት። ልናገር ያሰብኩት እውነቱን ነበር፤ የወጣው ግን ደህና አድራለች፣ አብሽሩ። እሰይ አሉ። ዘጋሁና ዋንዛውን ሞርሳ ላይ አሰርኩት።

ዘይነባ መጋዙን ሰምታ መጣች። ብፌዋን አወቀችው። ብፌው ይቅር፣ ለሠርግ ነው አለች። ግን ለሰውዬው ንገራቸው። እነግራቸዋለሁ አልኩ። ለሷም ዋሸሁ። በአንድ ጠዋት ሁለት።

ኅዳር 24

የማንጎው ፍርስራሽ ከዓይኔ ይጥፋ ብዬ ለዳቦ ጋጋሪዋ ለእቴ ፋጡማ ሰጠኋት። ማገዶ እንደ ጉድ ተወዷል፤ መርቃኝ አልጠግብ አለች። ከሰዓት ራሷ ትኩስ ዳቦ ይዛ መጣች። በእንጨትህ የጋገርኩት ነው፣ ብላ አለችኝ። ፊቷ ቆረስኩ። ጎረስኩ። ወ/ሮ የሺ ያን ሁሉ ዓመት ውሃ ያጠጡት ማንጎ ነው። እቴ ፋጡማ ዞር ስትል ደጅ ወጥቼ ተፋሁት። ዳቦ መትፋት! እናቴ ብትኖር በጥፊ ነበር የምትለኝ።

ታኅሣሥ 9፣ ጠዋት

ሥራ ሲሄድልኝ ሌላ ሰው ነኝ። ገላው ቅርጹን ያዘ። አንገቱ ወይራ፣ ቀጥ ያለ። መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ፤ የክሩን ድምፅ የሚይዘው ማግኔት የሚቀመጥበትን ጉድጓድ በመሮ ቆፈርኩት። እጄ አብጧል፣ ደስ ይላል። ለአንድ ሰዓት ያህል ውሸቴን ረስቼ አፏጨሁ።

ከሰዓት 10፡00። ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት ሳሸው፣ ጠርዙ ላይ፣ ነጣ ባለው በኩል፣ ሁለት ቀዳዳ። የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ። እፍ አልኩባቸው። ምንም አልወጣም። የጥንት ነው አልኩ። ኮላና ብናኝ ለውሼ ደፈንኳቸው። እንዲህ አትዪኝ ደብተር! ዋንዛን ነቀዝ አይደፍረውም። አናጢ ሁሉ የሚለው ነው።

ታኅሣሥ 14

አንዱ የሠርግ ባንድ ጎረምሳ መጥቶ ዙሪያውን መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት ቤዝ ሥራልኝ አለ። እንደ ባጃጅ! ሌላ ጊዜ ቢሆን ከበር አባርረው ነበር። ዛሬ እኔ ማንን ልጸየፍ? እሺ አልኩት።

ታኅሣሥ 27

ክር አስገባሁ። አምፕሊፋየሩን ሰካሁ። ወፍራሙን ክር ስመታው የቆርቆሮው ግድግዳ፣ የምስማር ጣሳው፣ ሁሉም አብሮ ዘመረ። ማሻ አላህ! ባቲ ሞከርኩ፣ አምባሰል ሞከርኩ። እስከ ዛሬ ከሠራኋቸው ዘጠኙ አንዱም አይደርስባት። ያናደደኝም እሱ ነው። ውሸቴ እንኳ ምናለ ድምፁ ቢያስጠላ።

ጥር 3

መርሳ ወርጄ አስረከብኩ። ጋ/ፈ እጃቸውን ታጥበው ነው የተቀበሉኝ። ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ከፍ ዝቅ አደረጓት። ከዚያ ቀለለችሳ አሉ። ግንዱ ሲጫን እሳቸውም ተሸክመዋል፤ ክብደቱን ያውቁታል። እንጨት ሲደርቅ ይቀላል አልኩ፣ ዓይናቸውን ሳላይ። እሳቸው ገላውን እየዳበሱ፦

«እሷም በመጨረሻ እንዲህ ቀልላ ነበር» አሉ።

ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ወልድያ ድረስ ፊቴን መስኮቱ ላይ ለጥፌ ሄድኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴት መኪና አይስማማህም እንዴ ብላ ሎሚ ሰጠችኝ።

ጥር 15

ሠርጉ ትናንት ነበር። ከዘይነባ ጋር ሄድን። ጋ/ፈ ማይክ ይዘው ለሙሽራዋ ይህ የእናትሽ ማንጎ ነው አሏት። እልልታው ቀለጠ። ሙሽራዋ ጎንበስ ብላ ሳመችው። የኔን ዋንዛ። የኔን ኮላ። ዘይነባ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ፣ በጥፍሯ።

የገደለኝ ግን እሱ አይደለም። ምግብ ሲቀርብ ነው። ለእኛ ለእስላሞቹ ለብቻ ዳስ፣ ለብቻ ፍየል። ጋ/ፈ በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል የአንድ ሸህ እጅ ይዘው መጡ። በኚህ እጅ ነው የታረደው፣ ድስቱም አዲስ ነው፣ ሳትሳቀቁ ብሉ አሉን። ሸሁም አዎ ብለው መሰከሩ። ማን ጠየቃቸው? ወጥ ውስጥ የገባ ሥጋ ማን እንዳረደው በዓይን አይለይም። የፈለጉትን ቢያቀርቡልኝ አላውቅም ነበር። ቀለም የተቀባ ጣውላም እንደዚያው ነው።

በላሁ። ሳልበላ ብነሳ ያዝኑብኛል። ወላሂ ራሴን እንዲህ ተጸይፌው አላውቅም።

የካቲት 20፣ ጠዋት 4፡00

ጋ/ፈ ደወሉ። ድምፃቸው የሙሽራ አባት ሳይሆን የሙሽራ ነው። ቤዙ ከተሰቀለበት ሥር ጠዋት ጠዋት ዱቄት አገኛለሁ አሉኝ። አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን ይስቃሉ! ሰይድ ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቀየመኝ አሉ። ስትቀለኝ ጊዜ ጠርጥሬህ ነበር። ማንጎዋን ለውጦብኝ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። አሁን ነቀዙን ሳይ ሽማግሌው ያሉት ትዝ አለኝ፤ በጨረቃ የተቆረጠችው የሷው ናት። በከንቱ ጠርጥሬሃለሁ፣ ጾም ነውና ይቅር በለኝ አሉ።

ይቅር በለኝ! እኔን!

መጥቼ ልያትና መድኃኒት ላድርግላት አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል። በፍጹም አሉ። ዱቄቷም የሷ ነው፣ ሰብስቤ በብልቃጥ አስቀምጫለሁ፣ እንዳትነካት።

እሳቸው በሁዳዴ፣ እኔ በረመዷን። ኧረ ምንም አይደል ጋሼ አልኩ። ምላሴ ይቆረጥ። ትሉ ክረምቱን ከማንጎው ወደ ዋንዛው ተሻግሮ፣ መርሳ ድረስ ወርዶ መሰከረልኝ። እኔ ደግሞ፣ ከሁሉ የሚያስጠላው ይሄ ነው፣ ለቅጽበት እፎይ አልኩ።

ከሰዓት 9፡00። ዝም ብል? ዝም ብል ጠርዙ ይፈረፈራል። ከዚያ አንገቱ የተያዘበት ይላላል። አንድ ቀን ክሩን ሲወጥሩ እጃቸው ላይ ይገነጠላል፤ የሺን ሁለት ጊዜ ቀበርኳት ይላሉ። ቶሎ ካገኘሁት ይድናል፦ ቀለሙን መላጥ፣ ነጣ ያለውን ጠርዝ መቁረጥ፣ ናፍጣ ማጠጣት። የሽታው ጉዳይ ያኔ ይታያል። ግን ዋንዛ ነው ብዬ ካልነገርኳቸው አያስነኩኝም።

ለዘይነባ ነገርኳት፣ ሁሉንም። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ፍየሉን አልረሳኸውም አይደል አለችኝ።

የካቲት 21፣ ጠዋት 1፡00

ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው እግር ሥር ሽብልቁን በመዶሻ አወጣሁት። ከማንጎው የቀረው ይኸው ነው፤ ሌላው ዳቦ ሆኗል። ርዝመቱ ጣት አያህልም። እሱም አንድ ቀዳዳ አለው፤ እፍ ስለው ቦነነ። ዛሬ አልቀፈፈኝም። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ከተትኩት።

መርሳ እወርዳለሁ። መጀመሪያ ይህችን እጃቸው ላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ዋንዛውን፣ የደፈንኳቸውን ቀዳዳዎች፣ የእቴ ፋጡማን ምድጃ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። ቢያባርሩኝ አይፈረድባቸውም። አፌ ከተሳሰረም አንቺን ከፍቼ አነብላቸዋለሁ፤ ስለዚህ አብረን ነን።

ጠረጴዛው ያለ ሽብልቁ ተነቃነቀ፣ ፊደሌም ተወላገደ። ይወላገድ። ዘይነባ ሚኒባሱ ሊሞላ ነው እያለች ነው። ጋሽ ፈንታው፣ ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያ