ደረት ላይ የማይገለበጥ ፈርጥ

ማክሰኞ ጥር 2 ቀን 1964፣ ረፋድ

ፍሙን አራግቤ ጉጠቱን እንዳነሣሁ ገቡ። ሌባ አሉኝ። አልማዙን አውጥተህ ብርጭቆ ከተህበታል አሉኝ፤ ባለቤቴ አስካለ እየሰማች። ያሉኝ ወ/ሮ ዘነበችና ወንድሟ አቶ ግርማ ናቸው። እስከ ትናንት አንቱ ይለኝ የነበረ ሰው ዛሬ አንተ አለኝ። ደብተሬ፣ ይኸን ያዝልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟቹ ባሏ የተወላትን አልማዝ ለልጇ ለሙሉነሽ ሰርግ የአንገት ፈርጥ እንዳደርግላት ሰጠችኝ። ሠራሁ። እሑድ ዕለት ልጅቱ ክርስትና ቤት አድርጋው ሄደች። እስክስታ ስትወርድ ፈርጡ ደረቷ ላይ ተገለበጠ። ድንጋዩ እንዳይወድቅ ብዬ ጀርባውን በወርቅ ደፍኜው ነበር፤ የታየው እሱ ነው። የሙሽራው አክስት ጠጋ ብላ አገላብጣ አየችው። የጠርሙስ ስባሪ ነው፣ እንዳይታይም እየዞረ ይደበቃል አለች።

አቶ ግርማ ወንጌል ይዘህ ማል አለኝ። አልምልም አልሁ። ፒያሳ ወስዳችሁ አስመርምሩ አልኋቸው። ወ/ሮ ዘነበች እምቢ አለች። እኛም ጠርጥረን አስመረመርን ማለት ነው፣ ሙሽራው ቤት ቢሰማ ሰርጉ ይፈርሳል ባይ ናት። ሰርጉ ጥር 28 ነው።

እንግዲያው ተዉልኝ፣ እንዳይገለበጥ አድርጌ እሠራዋለሁ፣ ያን ጊዜ ያሻው ሰው ፊት ለፊት ይየው አልሁ። አቶ ግርማ ሳቀ። «ደግሞ ልትተይለት ነው?» አላት። ተወችው። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ወጣች።

ሐሙስ ጥር 4

ፈታትቼ አየሁት። የመገልበጡ ጥፋት የኔ ነው። ልጽፈው ይገባኛል። ድንጋዩ የሚቀመጥበትን የወርቅ ቤት ከፍ አድርጌዋለሁ። ከላይ የያዘችው አንዲት ቀጭን ቀለበት ብቻ ናት። ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድላል፤ ሲነካኩት ይደፋል።

ከግርጌው የወርቅ ፍሬ ጨመርሁ፣ ወደ ታች እንዲስበው። ሐብል የምለካበት፣ በሰው ደረት አምሳል የጠረብሁት ዋንዛ አለ። እሱ ላይ ሰቅዬ ነቀነቅሁት። አልተገለበጠም። መቶ ጊዜ ነቀነቅሁት። አልተገለበጠም። ልቤ ግን አልረጋም።

ከፌርማታው ወደ ቤት ስመለስ ሦስት ሰው ሰላም አላለኝም። ወይ አላዩኝም። ወይ ሰምተዋል።

እሑድ ጥር 7

ሐጂ ሸምሱ መጣ። የሰንሰለት ነጋዴው፣ ጎረቤቴ። ወሬውን ሰምቷል፤ አላነሣብኝም። ለዚህ አከብረዋለሁ። ዋንዛውን ስወዘውዝ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፦

«ተሰማ፣ ይሄ ግንድ መቼ ነው የሚያገባው?»

መወዝወዜን ቀጠልሁ።

«ግንድ እስክስታ አይወርድም ወዳጄ። ሰው ላይ ሞክረው።»

ሲወጣም እየሳቀ ነበር። ተናደድሁ። ንዴቴ ሲበርድ ግን እውነቱን ነው። ማን ላይ ልሞክረው? ሌባ የተባለ ሰው የማንን ልጅ ጠርቶ ጨፍሪልኝ ይላል?

ረቡዕ ጥር 10፣ ከቀትር በኋላ

ከተራ ነው። ሰዉ ታቦቱን ሊያጅብ ወጥቷል። እኔ አልወጣሁም። አስካለን ቅሪልኝ አልኋት። በሩን ቀረቀርሁ። ይኸን አድርጊና እስክስታ ውረጂልኝ አልኋት።

መጀመሪያ ያበድሁ መሰላት። ቀጥላ ሳቀች።

«በሰርጋችን ዕለት እንኳ ‹ተቀመጪ፣ ሰው ያየናል› ያሉኝ ሰውዬ!»

አጨበጨብሁላት። ደብተሬ፣ ይኸን ለማንም እንዳታወጣ። ጉልበቷን ያማታል፤ ትከሻዋ ግን የልጅ ትከሻ ነው። ሳላውቀው ኖሬያለሁ።

ፈርጡ ወዲያው ተገለበጠ። የጨመርሁት ፍሬ ምንም አልፈየደም። እንደገና አስጨፈርኋት። ተገለበጠ። በሦስተኛው ከደረቷ ላይ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ። የማተቧ መስቀል ነው! ትከሻዋ ሲነቀነቅ መስቀሉ ከፈርጡ ሥር ይገባና ሽቅብ ያነሣዋል። ያኔ ይደፋል።

ቁጭ አልሁ። ይኸን የፈርጥ ዓይነት ያስተማረኝ ሰው የለም። ከአንድ ጣሊያን የገዛሁት የሥዕል መጽሐፍ አለ፤ ቋንቋውን ሳልችል ሥዕሉን እያየሁ ነው የተማርሁት። ሥዕሉ ላይ ያሉት ሴቶች አንገታቸው ባዶ ነው። ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። የኔ ሙሽራ ማተብ አላት፤ ደግሞም ትጨፍራለች። በራሴ አፈርሁ።

ማክሰኞ ጥር 16

ቆራረጥሁ፣ አቀለጥሁ፣ እንደገና ጀመርሁ። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል።

አስካለ፣ ሙሉነሽ ለአንድ ቀን ማተቧን ትፍታ ቢሏትስ አለች። ወዲያው ራሷ አማተበች። ማተብ አስፈትቼ የምሸጠው ወርቅ የለኝም።

ቁርጡን አደረግሁ። ከላይ የሚይዝ ቀለበት አይኖርም። ሰንሰለቱ በድንጋዩ ግራና ቀኝ ይያያዛል፤ ሁለት ሰው ግራ ቀኝ የያዘው ሰው እንደማይወድቅ ሁሉ። ቤቱ ዝቅ፣ ሰፋ ይላል፤ ቆዳ ላይ ይተኛል። ሰንሰለቱ ያጥራል፤ ፈርጡ ከመስቀሉ በላይ፣ ከአንገት ሥር ካለችው ጎድጓዳ ላይ ያርፋል። ጀርባውንም መድፈን ቀረ፤ ከፍቶ መተው ነው፣ አለዚያ ዝቅ አይልም።

ማታ እራት ላይ አስካለ ስለ መሐላው አነሣች። ቄሱ ዘንድ ሄደው አንድ ጊዜ ቢምሉ ምን ይሆናሉ፣ ገበያ ስወጣ ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ወሬያቸውን ያቆማሉ አለች። አለቀሰች። ያልሰረቅሁትን አልሰረቅሁም ብዬ ወንጌል አልይዝም አልኋት። እንጀራዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

ቅዳሜ ጥር 20

አለቀ። አስካለ ሳልጠይቃት ራሷ አደረገችው። ጨፈረች፣ አጎነበሰች፣ ተሽከረከረች። ንቅንቅ የለም። መስቀሉ ከታች ለብቻው ይወዛወዛል፣ ፈርጡ ከላይ ለብቻው ተኝቷል።

ደግሞ ሌላ ነገር። ጀርባው ስለተከፈተ ብርሃን ያስገባል። ድንጋዩ ነቃ። በመስኮቱ በኩል ስይዘው ግድግዳው ላይ እሳት ረጨ። አስካለ እልል አለች። እኔም፣ እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ።

ወ/ሮ ዘነበች መጥታ ወሰደችው። እፍኟ ውስጥ አድርጋ ረዥም ጊዜ አየችው። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ወጣች።

እሑድ ጥር 28፣ ሰርጉ

4 ሰዓት። አስካለ ሄደች። እኔን ጠርተውኛል፤ አልሄድሁም።

6 ሰዓት። የመኪና ጡሩምባ። ሙሽራው ገባ።

8 ሰዓት። ከበሮው ከዚህ ይሰማል። አሁን ትነሣለች። አሁን ትከሻዋን ትሰብቃለች። የግራውን ብየዳ በደንብ አላየሁት ይሆን? አይቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።

9 ሰዓት ተኩል። ከበሮው ቆመ። ለምን ቆመ?

10 ሰዓት። እንደገና ጀመረ። ጉጠቱን ሦስት ጊዜ አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥሁ።

12 ሰዓት። አስካለ መጣች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። እንዴት ሆነ አልኋት። ፍንክች አላለም አለች። ልጅቱ ላብ እስኪያጠምቃት ጨፈረች፤ የተቸነከረ ይመስል ነበር፤ ያቺ አክስት ዓይኗን አልነቀለችም። እንዲህም ሲያበራ ታይቶ አይታወቅም ተባለ።

እሰይ አልሁ። እሷ ፊቷን አዞረች። ምነው አልኋት። አልነግርም አለች። ተቆጣኋት። ነገረችኝ።

አቶ ግርማ ጠጁን ይዞ ሰው መሐል ቆሞ ነው ያለው፦

«አያችሁ? ሽማግሌው ፈርቶ እውነተኛውን መለሰ!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ወ/ሮ ዘነበች እግዚአብሔር ይመስገን አለች።

ማክሰኞ ጥር 30

እነ ወ/ሮ ዘነበች ሽማግሌ ላኩ። ሦስት ሰዎች። ንብረቷ ተመልሷል፣ ይቅር ብላሃለች፣ አንተም ቅር አይበልህ፣ እርቅ ይሁን አሉ። ይቅር ብላኛለች!

አስካለ ከጓዳ ሆና በእጇ ትጠቅሰኛለች። ይንገሯቸው፣ ድንጋዩ ያው ነው፣ ጀርባው ተከፍቶ ብርሃን ስለገባው ነው ይበሏቸው ማለቷ ነው። ይገባኛል። ባስረዳ ሰበብ አገኘ ይላሉ። ዝም ብል አመነ ይላሉ። ከሁለቱ ዝምታውን መረጥሁ፤ እሱን ማንም ቀምቶ አይለውጥብኝም።

ተነሥቼ በሩን ከፈትሁላቸው። ወጡ።

ከዛሬ ጀምሮ ስለዚያ ፈርጥ ለሽማግሌም፣ ለቄስም፣ ለሐጂ ሸምሱም፣ ለአስካለም አንዲት ቃል አልናገርም። ስሞትም ማንም እንዳያነሣው። ለአንተም ቢሆን የመጨረሻዬ ነው፣ ደብተሬ። ገጹ እኩሌታው ቀርቷል። ባዶውን ይደር።