ወደኋላ የቀረችው መብራት

ይድረስ ለእህቴ፣ ቢላ ከተማ

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ አታንብቢ። ወንበር ካጣሽ ከባልሽ ሱቅ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ በይ። ነጠላሽንም አዘቅዝቂ። ከነቀምቴ ከባድ መርዶ ልኬልሻለሁ። አንድ ወጣት፣ በሰፈሩ እጅግ የተወደደ (ይህቺን እኔ ነኝ የጨመርኳት)፣ በድንገት ተለይቶናል። ሬሳ የለም፣ ድንኳን አልተተከለም፣ ዕድራችንም ሳንቲም አላወጣም። የሞተው ስሜ ነው። ነፍሷን ይማርና እናቴ ያወጣችልኝ ስም አርፎ፣ ዛሬ ከሰፈር እስከ መናኸሪያ የምጠራው «ፌስታል» ተብዬ ነው። በይ ነፍስ ይማር በይ።

አልቅሰሽ ከጨረስሽ ደግሞ ሰላምታ ይቀጥላል። እንደምን አለሽልኝ? አካም ጅርታ? ናጋዳ? ሁዳዴን እንዴት ያዝሽው? ሽሮ ሲያይ ይቆጣ የነበረው ጨጓራሽ ታረቀሽ? የባልሽ ሚስማር፣ የባልሽ ቆርቆሮ፣ ባልሽ ራሱ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ ጤናዬ ደኅና ነው፤ ሌላውን ተይው። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ጓደኛሽ ሶፊ ናት። መንገድ ላይ እንደምትከፍተው ስለማውቅ እሷንም እዚሁ ሰላም ልበላት፤ ሶፊዬ፣ መኪናው ሲንገጫገጭ አታንብቢ፣ ያስመልስሻል።

እንዳልደውል ቁጥርሽ አይሠራም። ስለዚህ እስክሪብቶ ያዝኩ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ካቆምኩ ወዲህ የጻፍኩት ባጃጅ ጀርባ ላይ የሚለጠፍ ነገር ብቻ ነውና ፊደሌን ታገሺ።

ነገሩ የዚያ ሌሊት መብራት ነው። ታውቂዋለሽ። ግን ሽማግሌዎቹ ፊት ምንም እንደማታውቂ ሆነሽ ስለቆምሽ፣ እኔም ምንም እንደማታውቂ አድርጌ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

በገና ጾም አንድ ሌሊት በነቀምቴ ሰማይ መብራት ታየ። ከጉቴ በኩል ነው የመጣው፤ ብዙ ሆኖ፣ ተራ ይዞ፣ ቀብር እንደሚሸኝ ሰው ቀስ እያለ። ጉቶ ጊዳ ላይ፣ ከታጨደው በቆሎ በላይ ሲደርስ ቆመ። አውሮፕላን ነው እንዳይባል ድምፅ የለው፤ ኮከብ ነው እንዳይባል ይሄዳል። ጊዜውን ታውቂዋለሽ፣ ሰው ከሰማይ ደግ ነገር መጠበቅ ትቷል። ሰፈሩ በሙሉ የቤቱን መብራት እያጠፋ ውጭ ፈሰሰ። ጴንጤዎቹ ጎረቤቶቻችን ጌታ መጣ ብለው ዘመሩ፣ የኛዎቹ እግዚኦ አሉ፣ ኑረዲን ሱቁን ከፍቶ ሻማ ሸጠ። ቀልዴን ነው፤ እሱም ሱቁ በር ላይ ቆሞ ቁርኣን ይቀራ ነበር።

እናትሽ እትዬ አሰፋች ደግሞ «ልጄን!» አሉ። ልጃቸው ያን ሌሊት የሠርግ ልብስ ልትለካ ሶፊ ቤት ልታድር ሄዳለቻ! በባዶ እግራቸው ወጥተው ሲሮጡ ያ ክዳን የሌለው ቦይ ውስጥ ወደቁ፤ ክንዳቸው ተሰበረ። ሶፊ ቤት ሳይደርሱ ነው የወደቁት ይላል ሰዉ።

ከቦዩ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ጩኸቱን ሰምተን አብረን ከተቀመጥንበት ጉብታ ወርደን፣ አንቺን በሶፊ ጓሮ በኩል አውርጄሽ ገና መመለሴ ነበር። ባጃጁ ላይ ጭኜ ሆስፒታል ስወስዳቸው፣ ሳይጠይቁኝ «አይዞዎት፣ ልጅዎ ሶፊ ቤት ተኝታለች» አልኳቸው። መንገዱን በሙሉ አንዴ እንኳ ስላንቺ አልጠየቁኝም። ሕመሙ ነው ብዬ ተውኩት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናንተ ግቢ ሽማግሌ ተቀመጠ። ክንድ ተሰብሯላ፤ ክንድ ከተሰበረ ሰባሪ መገኘት አለበት። ሰማይን ጠርተው አያስቀምጡት ነገር። ታዲያ ማን ይጠራ? አምና የአቶ ወልደሩፋኤል አህያ አንገት ላይ ስልኬን አስሬ ሌሊቱን ሙሉ እየደወልኩ ያስበረገግኳት እኔ አይደለሁ?

ኦቦ ሞረዳን ታውቂያቸዋለሽ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሳይተክሉ አይናገሩም። ተከሉና «ያ ጉርባ፣ ዱጋ ዱበዱ፤ አንተ ልጅ፣ እውነቱን ተናገር» አሉኝ። እኔ አይደለሁም አልኩ። አቶ ወልደሩፋኤል የአህያቸው ቂም አልወጣላቸውም፤ «ታዲያ በዚያ ሌሊት ባጃጅ ይዘህ ከየት ተገኘህ?» አሉ። ከጉብታው አልኩ። «ከማን ጋር?»

አቤት ይቺ ጥያቄ እንዴት አጭር ናት! አንቺ ከእናትሽ ኋላ ቆመሽ፣ በጄሶ የታሸገ ክንዳቸው ያረፈበትን ትራስ ይዘሻል። አየሁሽ። አንቺ ትራሱን አየሽ። ሠርግሽ ደርሷል፤ ከቢላ የመጣው የሙሽራው አጎት አግዳሚው ላይ ተመቻችቶ ቆሎውን ይቆረጥማል። «ብቻዬን» አልኩ። «ብቻህን ምን ልትሠራ?» አሉኝ። አፌ እንደለመደው «መብራት ላበራ ነዋ!» አልኩ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ስንት ሌሊት በፍርሃት ያልተኛ ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ። ያን ሳቅ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ ራስን ወደኋላ ጥሎ፣ እጅን አፍ ላይ ጭኖ። ከሁሉ የባሰ ያመመኝ እሱ ነው። በገዛ ሳቄ ሳቅሽብኝ።

ሽማግሌዎቹ ግን በቃል ብቻ አልለቀቁኝም። እንዴት እንዳደረግኸው አሳየን አሉ። ያላደረግኩትን! ማምሻውን ከኑረዲን ሱቅ ፌስታልና ሻማ አመጣሁ፤ ሽቦ ጠምዝዤ፣ ፌስታሉን ወጥሬ፣ ሻማውን ከሥሩ አሰርኩ። እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ ተነሳ፤ የቤታችሁን ጣሪያ እንኳ ሳያልፍ እሳት ያዘውና በአቶ ወልደሩፋኤል ባርኔጣ ላይ ተንጠባጠበ። በቃ፣ ውሸቴ ተያዘ ብዬ ጠበቅኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር የጠበቅኩት። ሰዉ ግን ምን አለ መሰለሽ? «ይኸው! እሱው ነው! ልክ እንዲህ ነበር!» አለ። ተንበርክኮ እግዚኦ ሲል ያደረው ሰው እኮ ነው! ኦቦ ሞረዳ ብቻ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ የተቃጠለውን ፌስታል አዩና ከዘራቸውን ነቅለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ የባጃጁ ባለቤት ኑረዲን ቁልፉን ተቀበለኝ። «ወላሂ እኔ አልጠላሁህም፤ ግን እናቶችን ቦይ የሚከት ልጅ የሚነዳውን ማን ይሳፈርልኛል?» አለኝ። ምን ልበለው፣ እኔም ብሆን አልሳፈርም። አሁን መናኸሪያ ጆንያ አወርዳለሁ። ሕፃናቱ ፌስታል በዱላ ጫፍ አስረው እያውለበለቡ ይከተሉኛል። መጀመሪያ አባርራቸው ነበር፤ አሁን እንዴት አድርገው ቢይዙት ነፋስ እንደሚሞላው አሳያቸዋለሁ።

ሠርግሽ ላይም መጥቻለሁ። ሙሽራው ሲያየኝ «ያ መብራት ሠሪው ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀሽ። አንቺም ፈገግ ብለሽ «አዎ፣ ተወው፣ እንደ ወንድሜ ነው» አልሽው። እንግዲህ ከላይ እህቴ ብዬ የጀመርኩት ለዚህ ነው። ሙሽራ ያለችውን ማን ይሽራል?

ይህን የጻፍኩት ልወቅስሽ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልወቅስሽ ነው። ግን አንድ ጉዳይ አለኝ። ሰው ሁሉ ደጋግሞ መብራቱ ፌስታል ነው ሲለኝ እኔም ራሴን መጠርጠር ጀምሬአለሁ። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያ የተቃጠለ ፌስታል ሆኗል። አንዲት ነገር ብቻ ናት የቀረችኝ። መብራቶቹ አንድ በአንድ ሲጠፉ፣ አንዷ ወደኋላ ቀርታ ነበር። ስለሷ የሚያወራ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ ከጉብታው ላይ ካልሆነ አትታይ ይሆናል። ጓደኞቿ ሄደው ብቻዋን ቆመች፤ ተመልሰው ይጠሩኛል ብላ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። እኔ ልቀልድባት አፌን ስከፍት በመዳፍሽ ከደንሽው፤ «ዝም በል፣ እንዳትሰማን» አልሽኝ። በዕድሜዬ ከልቤ ዝም ያልኩት ያኔ ነው።

ነበረች አይደል? አትጻፊልኝ። ለሶፊ «ነበረች» በያትና ትንገረኝ። ለማንም አላወራም። ባወራስ ማን ያምነኛል?

እናትሽ ደኅና ናቸው፤ አታስቢ። ጄሶው ተፈትቷል፤ ክንዳቸው ትንሽ ጠመም ብሏል፣ እኔን በማማሰያ ለመምታት ግን ይበቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ እቀዳላቸዋለሁ። ያለ ምሳ አይለቁኝም። እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ከጠየቅኳቸው ቀን ጀምሮ፣ በዚህ ሰፈር በስሜ የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ በቦዩ አጠገብ ስናልፍ ቆሙና «ሰዉ ዝም ብሎ ያወራል፤ እኔ ስወድቅ እኮ ፊቴ ወደ ሶፊ ቤት ሳይሆን ወደ ቤቴ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ስሜን ጠርተው «ጀሪካኑ እንዳይከብድህ» አሉ። እኔም ጀሪካኑን ወደ ሌላ ትከሻዬ አዛውሬ ተከተልኳቸው። አንቺ ለፋሲካ ስትመጪ ጠይቂያቸው፣ ከደፈርሽ።

በይ እንግዲህ፣ እግዚአብሔር ጎጆሽን ያሙቅልሽ። የባልሽ ቆርቆሮ ከክረምቱ በፊት ተሸጦ ይለቅ። ልጅ ሲሰጥሽ እንደ አባቱ ቁም ነገረኛ ያድርግልሽ፤ ሳቁን ግን አንቺ አስተምሪው፣ ታውቂበታለሽ።

ነጠላሽንም መልሰሽ ልበሺ። ከላይ መርዶ ምናምን ያልኩት ለማካበድ ነው፤ ቁጭ ብዬ ሳስበው ነገሩ ትንሽ ነው። ሰማይ ላይ መብራት ታየ፤ ሁለት ሰዎች አብረን አየነው፤ ሁለታችንም አላየንም አልን። ይኸው ነው።

እንደ ወንድምሽ የሆንኩት