ከወረቀቱ በፊት እጅ መያዝን ያስተማሩት የሲስተር የትናየት ይታያል የሕይወት ታሪክ

ሲስተር የትናየት ከአባታቸው ከመሪጌታ ይታያል ቢያድግልኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘሪቱ አለበል በ1956 ዓ.ም. በቢቸና ከተማ ተወለዱ። ያደጉት በማኅሌት ከበሮ ሥር ስለነበር፣ መቺው አንዲት ምት ከሳተ ገና በልጅነታቸው ቀና ብለው አባታቸውን ያዩ እንደነበር እናታቸው ሲያወጉ ኖረዋል።

ትምህርታቸውን በቢቸና አጠናቀው በነርስነት ሠለጠኑና በ1978 ዓ.ም. ተመረቁ። በመርጡለ ማርያም ስምንት ዓመት ካገለገሉ በኋላ ወደ ሞጣ ተዛወሩ። በ1981 ዓ.ም. ከመምህር እንዳለው አየነው ጋር በተክሊል ተጋብተው እዮብንና ይርጋነሽን ወልደዋል።

የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚጽፈውን የኢሲጂ መሣሪያ ማንበብ ከተማሩ ወዲህ፣ ጀማሪ ነርስ ሁሉ የእርሳቸው ደቀ መዝሙር ሆነ። በወረቀቱ ላይ ምቱ የሚሠራቸው ሹል ጫፎች እኩል መራራቃቸውን ማየት፣ በሁለት ጫፎች መካከል ያሉትን ትልልቅ ሣጥኖች ቆጥሮ ሦስት መቶን ለዚያ በማካፈል የደቂቃውን ምት ማወቅ፣ ከየጫፉ በፊት ትንሿ ጉብታ መኖሯን ማረጋገጥ፤ ይህን ሳይታክቱ አስተምረዋል። ተራው የጠፋበትን ምት “ወረብ ያልተማረ ሰው ከበሮ ሲይዝ” ይሉት ስለነበር የሰማ ሁሉ ስቆ አይረሳውም።

ቀጥሎ ያለውን የጻፍነው በእርሳቸው ትእዛዝ ነው። በ1998 ዓ.ም. ይሠሩበት ወደነበረ አንድ ክሊኒክ፣ በሳንባ ምች ራሳቸውን የሳቱ ወይዘሮ ወለተ ሐና የተባሉ እናት በቃሬዛ መጡ። ቤተሰቡ እንዲሻላቸው ብሎ ደረታቸውን በቅቤ አሽቶ ነበር። ደረታቸው ላይ የተለጠፈው የመሣሪያው ልጣፊ ከቅቤው ላይ ተንሸራትቶ ሲወድቅ ቀጥ ያለ መስመር ታየ፤ ሲስተር የትናየትም የደም ሥራቸውን ትርታ ለማየት እጃቸውን ሳይዙ “አርፈዋል” አሉ። ለቅሶው ከደጅ ተሰማ። ነጠላ ልታለብስ የጎነበሰችው ልጃቸው “ኧረ እናቴ ትተነፍሳለች!” ብላ ጮኸች። ቅቤው ተጠርጎ ልጣፊው ሲመለስ፣ ምቱ የፈጠነ ግን ተራውን የጠበቀ ሆኖ ተገኘ።

ወይዘሮ ወለተ ሐና በሁለት ሳምንት ድነው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሲስተር የትናየት ግን ያን ቀን ከራሳቸው ላይ አላወረዱትም። ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ስሕተታቸው ነበር፦ አስቀድሞ እጅ ይያዝ፣ ከዚያ ወረቀት ይነበብ። ወይዘሮ ወለተ ሐናም በየዓመቱ ለፋሲካ አንድ ቅል ቅቤ እያመጡ “ይኸ ለወጥ ነው፣ ለደረት አይደለም” እያሉ ያስቋቸው ነበር።

ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ፋንታ “በቀብር ቀን ገበና አይነበብም” ብሎ አጥብቆ ተከራክሯቸዋል። እርሳቸውም “ሙያዬን አንብበህ ስሕተቴን ብትዘል፣ የሌላ ሰው ቀብር ላይ የተኛሁ ይመስለኛል” ብለው እንዲጽፈው አዘዙት። እነሆ፣ ተነበበ።

በ2015 ዓ.ም. የልብ ድካም አደረባቸው። የራሳቸውን ወረቀት አንብበው “ከበሮውን ያልተማረ ሰው ይዞታል” ካሉ በኋላ፣ በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። አልጋቸው አጠገብ የነበረችው ተማሪያቸው ሲስተር ኢናስ ሰይድ ነበረች። መስመሩ ቀጥ ሲል ልጣፊዎቹን አንድ በአንድ ተጭና አየች፤ አንገታቸውንና እጃቸውን ይዛ፣ ሰዓቷን እያየች አምስት ደቂቃ ሙሉ ጠበቀች። ማረፋቸውን ስትናገር፣ ሊጠይቁ መጥተው የነበሩት ወይዘሮ ወለተ ሐና ማንም እንዳያለቅስ ከለከሉ። “ቆይ፣ እኔም ልያዛት” ብለው የሲስተር የትናየትን እጅ ለረጅም ጊዜ ያዙ። መጀመሪያ ያለቀሱትም እርሳቸው ናቸው።

ሲስተር የትናየት ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል፤ ወይዘሮ ወለተ ሐናም ዛሬ ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀምጠዋል። የልብን ምት የሚሰጥና የሚቀበል አምላክ የእኅታችንን ነፍስ በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ያድለን። አሜን።