ሽቶ ያለው ሳሙና

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ? እኛ፣ ሳሉን ካልቆጠርነው፣ ደህና ነን።

ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው የሳሙና ፋብሪካ ሦስተኛ ጭስ ማውጫ ተከለ። ጠዋት የመስኮቱን ደፍ በነጭ ጨርቅ ስጠርገው ጨርቁ ጥላሸት ለብሶ ይነሳል። ያጠብኩት አንሶላ ከገመድ የሚወርደው ቆሽሾ ነው። የሚቀቅሉት ስብ ቅርናቱ ደግሞ፣ ኤጭ! ከጉርሻዬ ጋር ነው የምውጠው።

የልጄ የሚጢጢ ችፌ ከክርኗና ከጉልበቷ አልፎ አንገቷ ደርሷል። እንዳታክ ብዬ እጆቿ ላይ ካልሲ አጥልቄላታለሁ። ሐኪሙ "ጭሱ ያባብስባታል፤ አየር ቀይሩላት" አለኝ። አየር እንደ ቀሚስ የሚቀየር ይመስል!

ሚጢጢን ይዤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ገባሁና አንገቷን አሳየሁት። "አይዞሽ እናቴ" ብሎ ምን ቢያሸክመኝ ጥሩ ነው? አንድ ካርቶን ሳሙና፣ ያውም ሽቶ ያለው! እንኳን ለቁስል ለጤነኛም አይሆን። እዚያው ደጃፉ ላይ ጥዬለት ወጣሁ። ብታጠብ ብታጠብ ግን ሽታው ከእጄ አልለቅ አለ። ልዳብሳት ስል ሚጢጢ ሸሸት ብላ "እማዬ፣ እንዳትነኪኝ፣ ያሳክከኛል" አለችኝ።

አምና አንቺ ጋ ሁለት ሳምንት የሰነበተች ጊዜ ገላዋ ጥርት ብሎ ነበር፣ አይደል? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ከደብዳቤው ጋር የላክሁት ክር የሚጢጢ ቁመት ነው። ያኔ የተኛችበት ትንሹ አልጋ ላይ ለክተሽ፣ ይበቃት እንደሆነ ጻፊልኝ። ባይበቃትም አይከፋኝም።

ጤናሽን ያብዛልኝ፣
ታናሽሽ