በሠራተኞች በር

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

ዛሬ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጀርባ አሸሁ። አንዷ ሙሽራ ነበረች፣ ቅዳሜ ታገባለች። እናቷ አጠገቤ ቆማ፣ "እትዬ፣ ክንዷ ላይ በርቺልኝ፣ ቀሚሱ እጅጌ የለውም" ትለኛለች። ልጅቷ ጎኗን ስነካት እንደ ሕፃን ትንፈራገጣለች። "አርፈሽ ተኚ፣ ባልሽም እንዲህ ሲነካሽ ልትራገጪ ነው?" አልኳት። መታጠቢያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

አንጓዬ አብጧል። ሠላሳ ዓመት ሰው ፈትጌ... ብረትም ቢሆን ያልቃል።

ትናንት እማዬን ላያት መጦሪያው ሄጄ ነበር። ሾርባዋን አጠጣኋት፣ ጥፍሯን ቆረጥኩላት። ልወጣ ስል፣ "ጀርባዬን እሺልኝ፣ ደርቆ ይበላኛል" አለች።

"እማዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ጀርባ ሳሽ ነው የምከርመው። እሑድ እንኳ እጄ ይረፍ። ሌላ ጊዜ።"

"እሺ፣ እሺ፣ ደክሞሻል" አለች። አልተቀየመችም።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ኮሮና እኛ ከተማ ዴጉ ገብቷል። ዶክጃ መታጠቢያ ቤቷን ዘጋች። "ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው እትዬ ጆምሱን፣ እንደ እረፍት ቁጠሪው" አለችኝ። ገንዳዎቹን አብረን አጎደልን። ውኃው አልቆ ወለሉ ታየ።

ከመጦሪያው ደወሉ። ጠያቂ አይገባም። እስከ መቼ? አይታወቅም።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 23

መንገዱ ጭር ብሏል። አምቡላንስ ብቻ። ምን ነበረበት አሥር ደቂቃ ቆይቼ ጀርባዋን ባሽላት?

ማክሰኞ፣ ማርች 10

ማስክ በተራ ነው የሚሰጠው። የተወለድኩበት ዓመት በሁለት ስለሚያልቅ ቀኔ ማክሰኞ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ተሰለፍኩ። ፋርማሲስቱ ሁለቱን ማስክ ሲያቀብለኝ የጣቱ ጫፍ መዳፌን ነካ። ደነገጠ። "ይቅርታ እናቴ" ብሎ እጁን ሰበሰበ።

መዳፌን ጨብጬ ቤቴ ገባሁ። ከመታጠቢያ ቤቱ ወዲህ ሰው የነካኝ ይኸው ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ያሳፍራል... ማን ያየዋል ግን?

እሑድ፣ ማርች 22

የእጄ ቆዳ እየተላጠ ነው። መጅ የነበረው ሁሉ ለስልሷል። የሌላ ሰው እጅ ይመስላል።

ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከጀርባዬ አድርጌ ጋደም አልኩ። ሰው ያለ ይመስላል። ባሌ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። እሱ እያለም ጀርባ ለጀርባ ነበር የምንተኛው። ግን ጀርባው ይሞቅ ነበር።

እሑድ፣ ኤፕሪል 5

ልጄ ናሬ ከቡሳን ደወለች።

"እማ፣ ልምጣ?"

"አርፈሽ ቁጭ በይ! ሰው በሚሞትበት ከተማ ምን ልታደርጊ?"

"ብቻሽን ሆንሽ ብዬ ነዋ።"

"ለምጄዋለሁ።"

 ከዚያ፣ "አያቴን ማቀፍ አማረኝ" አለች። እኔ ደግሞ ሳቅኩ። እኛ ቤት መተቃቀፍ ከመቼ ወዲህ ነው አልኳት።

"እሱን እኮ ነው የምልሽ። ከባሌ ተለያይቼ የመጣሁ ቀን ትዝ ይልሻል? ያን ሁሉ ሰዓት ሳለቅስ... አንቺ ፖም ላጥሽልኝ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ ነበር?"

"ምንም። ፖሙ ጥሩ ነበር።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ። እውነቷን ነው። አራት ፖም ነው የላጥኩት፣ አንዱንም አልበላችም። እጄ ቢላዋ ባይዝ ኖሮ የት እንደማሳርፈው ጠፍቶኝ ነበር። የማላውቃትን ሴት ብብት ሳልጸየፍ የማጥብ ሰው... የገዛ ልጄን ትከሻ መያዝ ምን ይከብዳል? እማዬም እኔን አላቀፈችኝም። እሷንም እናቷ አላቀፈቻት ይሆናል። ይሄ ታዲያ ምክንያት ይሆናል?

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 18

በስልክ እማዬን አሳዩኝ። ነርሷ ናት ስልኩን የያዘችላት። ከስታለች። ጣቷን ዘርግታ መስታወቱን ዳበሰች፣ ፊቴን መሆኑ ነው።

"ፊትሽ ለምን ቀዘቀዘ?" አለችኝ።

ነርሷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ዓርብ፣ ሜይ 8

የወላጆች ቀን። ቀይ አበባ ይዤ መጦሪያው በር ሄድኩ። ዘበኛው በረጅም እንጨት ጫፍ የታሰረ ቅርጫት አውጥቶ አበባውን ተቀበለኝ።

"በመስኮት እንኳ አትታየኝም?"

"አልጋቸው በዚያ በኩል ነው እናቴ። እኔስ ምን ላድርግ? ከሠራተኛ በቀር ዝንብ አይገባም።"

አጥሩ ሥር ቆየሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ተራ ሲቀያየሩ ሦስት ሴቶች በኋላ በር ገቡ። እያወሩ፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው... እንደ ቤታቸው። አንዷ ከእኔ የባሰች ሸበቶ ናት።

ከሠራተኛ በቀር።

ማክሰኞ፣ ጁን 30

የአረጋውያን ተንከባካቢ ማሠልጠኛ ተመዘገብኩ። ዶክጃ እንደሆን መታጠቢያ ቤቱን መልሳ የምትከፍት አትመስልም። ለናሬ ስነግራት፣ "እማ፣ አንቺ እኮ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሽው" አለች።

"ስድስተኛ ክፍል ድረስ ያለውን በደንብ ነው የማውቀው" አልኳት።

መጽሐፉ እንደ ጡብ ነው። ስለ ጉበት ብቻ ስንት ገጽ! ለማጠብ ጉበት ምን ያደርጋል?

ረቡዕ፣ ጁላይ 22

ልምምድ ነበር። በሽተኛ እንዴት እንደሚገለበጥ። ጥንድ ጥንድ አደረጉን። የእኔ ጥንድ ፓንኢም ናት፣ ስድሳ አራት ዓመቷ፣ ዓሣ ነጋዴ የነበረች፣ አፏ የማያርፍ። መጀመሪያ እኔ ተኛሁ። አንድ እጇን ትከሻዬ ላይ፣ አንዱን ዳሌዬ ላይ አድርጋ፣ "አሁን ወደ እኔ አዞርዎታለሁ እማማ" አለች፣ መጽሐፉ እንደሚለው።

እንባዬ መጣ። እንዲሁ ዝም ብሎ ወረደ። ማስኩ ራሰ።

"አንቺ ሴትዮ፣ በሽተኛ ምሰዪ እንጂ ሬሳ ላይ አልቅሺ አልተባልሽም" አለችኝ ቀስ ብላ። ግን እጇን አላነሳችም። አስተማሪዋ "ቀጣይ!" እስክትል ትከሻዬን እንደያዘች ቆየች። ስነሣ፣ "እኔንም ስታገላብጪኝ እንዳትቸኩዪ" አለችኝ።

አልቸኮልኩም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 20

መጦሪያው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክለው በፕላስቲክ መጋረጃ በኩል አሥር ደቂቃ ፈቀዱልኝ። እማዬን በጋሪ አመጧት። ለረጅም ጊዜ አየችኝና ለነርሷ፣ "ይቺ ሴት ምን ፈልጋ ነው?" አለቻት።

"ልጅዎ ናት እኮ እማማ!"

"ልጄ ማስክ የላትም" አለች።

ከፌብሩዋሪ እስከ ሴፕቴምበር... ሰባት ወር። ሰባት ወር ነው የወሰደብኝ ከእሷ ሐሳብ ለመውጣት።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 7

ፈተና። ጉበት አልመጣም። ያን ያህል አጥንቼው!

ዓርብ፣ ኖቬምበር 27

አለፍኩ። ናሬ በስልክ ጮኸች። ፓንኢምም አልፋለች።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 1

መጦሪያው ሰው ጎድሎታል። ኃላፊዋን ነርስ አነጋገርኳት። ወጣት ናት፣ ከናሬ ብዙ አትበልጥም፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አልደበቅኳትም፣ እናቴ ሁለተኛ ፎቅ ናት አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ማመልከቻዎን አይቼ ልቅጠርዎት ወይስ ልመልስዎት እያልኩ ሦስት ቀን አሰብኩ።" ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ፣ "አንድ ነገር ቃል ይገቡልኛል? እርስዎ በሚሠሩበት ክፍል ስድስት እናቶች አሉ። የአንዷ ልጅ ገብታለች ከተባለ አምስቱ በር በሩን ሲያዩ ነው የሚውሉት። እኛ ዘንድ ሁሉም እማማ ናቸው። እርስዎም ለሁሉም ሠራተኛ ነዎት።"

"ለእሷም?"

"ለእሳቸውም።"

ቃል ገባሁ። ምን ልል እችል ነበር?

ሰኞ፣ ዲሴምበር 14

በኋላ በር ገባሁ። አፍንጫዬን በእንጨት ጎርጉረው መረመሩኝ፣ ካባ፣ ቆብ፣ ማስክ፣ የፕላስቲክ መከለያ፣ ድርብ ጓንት። መስታወት ሳይ እኔም ራሴን አላወቅኩም። እሷ እንዴት ታውቀኝ?

አራተኛው አልጋ። አጠር ብላለች፣ ሰው ተኝቶ ያጥራል እንዴ? እማዬ ልል አፌ ተከፈተ...

"እንዴት አደሩ እማማ?" አልኳት።

እናቴን "እርስዎ" ስል የመጀመሪያዬ ነው። ከባድ ድንጋይ እንደ መዋጥ ነው።

"ደህና። አዲስ ነሽ?"

"አዎ።"

"ቀስ በይ፣ ቀዳሚዋ ችኩል ነበረች።"

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 16

የገላ ቀን ነበር። እሷ ሦስተኛ ተራ ላይ ናት። ሁለቱን ሳጥብ ልቤ እዚያ አልነበረም፣ ቃል ገብቼ! ይቅር ይበሉኝ።

ጀርባዋ... ሠላሳ ዓመት ስንት ጀርባ አየሁ። ወፍራም፣ ቀጭን፣ ጠባሳ ያለው፣ ያረገዘች ሴት፣ የሙሽራ። የእናቴን ጀርባ ራቁቱን ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ግጥጥ ያለ አጥንት ነው የቀረው። ከወገቧ በላይ ትንሽ የተቃጠለ ምልክት አለ። ከየት መጣ? ከእኔ መወለድ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጠይቄያት አላውቅም። ብጠይቃትም አሁን መልሱ ጠፍቷል።

በለስላሳ ጨርቅ አሸሁላት። ዓይኗን ጨፈነች።

"እጅሽ ጥሩ ነው። ሥራ የሚያውቅ እጅ ነው" አለች።

"ይመስገን እማማ።"

"ልጄም እንዲህ ያለ እጅ አላት። ብቻ ብዙ ትደክማለች።"

ውኃውን አፈሰስኩት፣ እንፋሎቱ መከለያዬን ሸፈነው። ይሄን ያህል ቀላል ነበር። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። አሥር ደቂቃ ነፍጌያት ዓመት ሊሞላ ነው።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 6

በር አጠገብ የምትተኛው እማማ ልጇ ከፌብሩዋሪ ወዲህ አልመጣም። ኮሪደሩ ላይ እግር ሲሰማ አንገቷን ታነሳለች። ጸጉሯን ሳበጥርላት ራሷን ሆዴ ላይ ጣል አደረገች። አልተንቀሳቀስኩም። ኃላፊዋ ነርስ በመስታወቱ አየችን፣ ምንም ሳትል አለፈች። ቃሉ ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ።

የጓንቱን ላስቲክ ግን እጠላዋለሁ። ዛሬ እማዬ እጄን ይዛ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ላውልቀው? አንድ ደቂቃ፣ ማን ያያል? ከጓንቱ ሥር ያለው እጄ ላበው።

አላወለቅኩም። ስድስት ናቸው።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 24

ለናሬ ደወልኩ። ድፍረቱ ሳይጠፋኝ ቶሎ ብዬ፣ "የዚያን ቀን ላቅፍሽ ይገባኝ ነበር" አልኳት። የትኛውን ቀን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። አፍንጫዋን ስትጠርግ ይሰማኛል።

"መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ እማ።"

"ነይ። እኔ አላውቅበትም፣ አንቺ ጀምሪው" አልኳት።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 12

የጨረቃ አዲስ ዓመት በዓል። ማንም አልገባም። ለሁሉም የሩዝ ቂጣ ሾርባ፣ እንዳያንቃቸው ቂጣውን እንደ ምስር አድርገን ከትፈነዋል። በተራ በስልክ ከቤተሰብ እናገናኛቸዋለን። እማዬ ዘንድ ስደርስ ስልኩ ላይ የወጣችው ናሬ ነበረች። ስልኩን የያዝኩላት እኔ ነኝ።

ናሬ አዲስ ልብሷን ለብሳ ለአያቷ ወለሉ ላይ ሰገደችላት። እማዬ ደስ አላት፣ ማን እንደሆነች የገባት አይመስለኝም ግን ደስ አላት።

"እናትሽ የት አለች?" አለቻት ድንገት።

የናሬ ዓይን ከአያቷ ትከሻ በላይ ወጣ። መከለያዬን፣ ቆቤን አየች። 

"ሥራ ላይ ናት አያቴ።"

"በበዓልም?"

"በበዓልም።"

ስልኩን ዘጋሁት። ሾርባዋን ጨረስኩላት፣ አፏን ጠረግኩላት። ልሄድ ስል የካባዬን እጅጌ ያዘችኝ።

"አንቺስ፣ እናት አለሽ?"

"አለችኝ እማማ።"

"ታዲያ በዓል አይደለም? ሂጂላት እንጂ። እዚህ እኛ ላይ ስታፈጪ..."

"እሄዳለሁ።"

"ሩቅ ናት?"

እጇ ከእጅጌዬ ወርዶ እጄ ላይ ነበር።

"ቅርብ ናት" አልኳት።

"ጎሽ" ብላ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችኝና ለቀቀችኝ። ሾርባ የሚጠብቁ ሁለት አልጋዎች ነበሩ። ወደ አምስተኛው አልጋ ሄድኩ።