እሳት ያላየው ቱኩፒ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ይህ ወረቀት እጅሽ እንደሚገባ ተስፋ አለኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጤናዬ ሙሉ ነው፣ ንዴቴም እንዲሁ። ይህን ለጎረቤት እንዳታስነብቢ። በርሽን ዘግተሽ ብቻሽን አንብቢው።

ትናንት ማታ ኦታቪዮ ምግብ ቤት ሄጄ ራት በላሁ። አዎ፣ ያው ኦታቪዮ፤ ለእመቤታችን በዓል ለሲሪዮ ቤሌም ድረስ ይዤልሽ መጥቼ ዳክዬሽን በልቶ ጣቱን የላሰው፣ «እኔም እማዬ ልበልሽ?» ያለሽ። ከልቡም ከኩሽናውም ባንድ ቀን ካባረረኝ ወዲህ ደጁን ረግጬ አላውቅም ነበር። ጋዜጣ ላይ ግን አነበብኩ፤ ያንቺ ዳክዬ በቱኩፒ፣ ያ በካሳቫ ጭማቂ የምትሠሪው፣ «የሼፉ አያት የአማዞን ትዝታ» ተብሏል። የእሱ አያት እኮ የሳኦ ፓውሎ ባለፎቅ ናት፤ ካሳቫ ሲጨመቅ በሕልሟም አላየች! ስለዚህ በገዛ ስሜ ወንበር አስያዝኩ። የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ በሰው ፊት ስምሽን እንዲጠራ።

ከኩሽናው ትይዩ ባለው ባንኮኒ አስቀመጡኝ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ከነባለቤታቸው ነበሩ፤ የጋብቻ በዓላቸውን ሊያከብሩ መጥተዋል። በዚያ ቤት እንግዳ አያዝም፤ እነሱ የፈቀዱትን በየተራ፣ አንዳንድ ጉርሻ እያደረጉ ያመጣሉ። ሽማግሌው «ሳልጠይቅ የመጣልኝን መብላት ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ኖርማን ካገባሁ ጀምሮ እንዲሁ ነው የምኖረው» ብለው አሳቁን። ዶና ኖርማም «ታዲያ እስካሁን ሞትክ?» አለቻቸው።

መጀመሪያ ዓሣ መጣ፣ ቀጥሎ የዘንባባ ቡቃያ። እውነቱን ልናገር፣ እጁ አይታማም።

ከዚያ ትንንሽ ስኒዎች መጡ። ኦታቪዮ ራሱ ወጥቶ «አያቴ ከዳክዬው በፊት ቱኩፒውን እንዲህ ቀዝቃዛውን ታቀምሰኝ ነበር» እያለ ይተርክ ጀመር። አየኝ። ትረካውን ግን አላቋረጠም። እኔ ስኒዬን አሸተትኩ። ሲፈላ የምንጨምረው ቅጠል ሽታ የለበትም። ዘንበል ሳደርገው ከሥሩ ነጭ ዝቃጭ እንደ ዱቄት ተንቀሳቀሰ። እማዬ፣ እሳት ያየ ቱኩፒ እንዲህ እንደማይዘቅጥ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? ዩኒቨርሲቲ ጥሬው ጭማቂ ውስጥ ያለውን የመርዙን ስም ነው ያስተማሩኝ፤ ሳይፈላ መርዝ መሆኑንማ አንቺ ነሽ በልጅነቴ እጄን መትተሽ ያስተማርሽኝ። በኦታቪዮ ኩሽና ሁልጊዜ የማፈላው እኔ ነበርኩ። እሱ የሚመጣው ሳህን ላይ ሲደርስ ነው።

ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ምንም ሳላደርግ በነጋታው ስሙ ይበሰብስ ነበር። አልዋሽሽም፣ ተመኘሁት። ሽማግሌው «ለኖርማ ጤና!» ብለው ስኒያቸውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ግን እጃቸውን ያዝኩ። ሱሪያቸው ላይ ተደፋ።

«ማንም እንዳይጠጣ! አልፈላም!» ብዬ ጮህኩ።

ኦታቪዮ ፈገግ ብሎ «ይቅርታ፣ የድሮ ፍቅረኛዬ ናት፤ ገና አልበረደላትም» አላቸው። ሳቁ። እኔም ስኒዬን ፊቱ አስቀምጬ «እንግዲያው አንተ ጠጣዋ! የአያትህ አይደል?» አልኩት። አነሳው። ዝቃጩን አየ። ከንፈሩ ጋ አድርሶ መልሶ አስቀመጠው። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። አንድ በአንድ ስኒያቸውን ከፊታቸው ገፉ።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ጠርሙሱን እናትሽ ናት የላከችልኝ» አለ። «ራሷ ደውላ ‹አፍልቼዋለሁ ልጄ፤ ዳግም እሳት ካየ ጣዕሙ ይሞታል፤ እንዲሁ አቅርበው› አለችኝ።»

እሱ ወደ እንግዶቹ ዞሮ «ጠርሙሱን ማን እንደላከው ልንገራችሁ፤ ስሟ…» ብሎ ጀመረ።

ለዚህ ነበር የሄድኩት፣ እማዬ። ስምሽ ከአፉ ሊወጣ ነበር። እኔ ግን «ውሸታም! ከገበያ ገዝተህ ነው፣ ውሸታም!» ብዬ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ድረስ ጮህኩበት፤ እነሱም እኔን አመኑ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ አሁንም ይህንኑ እላለሁ። ግን «ልጄ» ሲል ያንቺን አነጋገር ቁልጭ አድርጎ ነበር ያወጣው።

አልጠይቅሽም፤ አንቺም እንዳትመልሺልኝ። የቀረ ጠርሙስ ካለ ድፊው። የተበደልኩት እኔ ነኝ፤ ጠቡም የእኔ ነው፤ ለእኔ ተይልኝ።

ስንወጣ ሽማግሌው ሱሪያቸውን እየጠረጉ «እናትሽ ደህና አድርጋ ነው ያሳደገችሽ» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ። የናዝሬቷ እመቤት እጅሽን ከክፉ ትጠብቅልሽ።

ምንም ቢመጣ ከጎንሽ የማትለይ
ልጅሽ